ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን ነፍስ ይማር። የቀረነውንም ለከርሞው በጤና ያገናኘን።

እንደሚታወቀው በዚህ ጉባኤ ላይ በየዓመቱ የገቢና የወጪ ሒሳብ ከተነበበ በኋላ አንድ ለአባላት የሚጠቅም ጉዳይ ተመርጦ ይነገራል። የዘንድሮው ስለ ድንኳኑ ክርክር እንዲሆን ኮሚቴው ወስኖአል። ምክንያቱም ነገሩ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ቢሆነውም በየቡና ቤቱና በየለቅሶው የሚወራው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ጭማሪ ሆኖ አግኝተነዋል። አንዳንዱ «ዕድሩ ኩባንያውን ከሶ ሚሊዮን ብር አስፈረደ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተሸንፈው ባዶ እጃቸውን ሊማሊሞን ወረዱ» ይላል። ሁለቱም እውነት አይደለም። እኛ ያገኘነውንም ያጣነውንም፣ ያጠፋነውንም ጭምር ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የቀድሞው ድንኳናችን አርጅቶ፣ ተጠቅጥቆ ተጠቅጥቆ መርፌ የማይዝ ሆኖ ስለ ነበር አዲስ እንዲገዛ ጠቅላላ ጉባኤው ወሰነ። 240 አባላት እያንዳንዳችን 150 ብር አዋጣን፤ 36,000 ብር ሆነ። ይህ ገንዘብ ከየት እንደ መጣ ታውቁታላችሁ። አንዷ እናታችን ዶሮ ሸጣ ነው ያመጣችው። አንዱ ወንድማችን የቀን ሥራ ውሎ ነው። ሦስት ሰዎች ተመርጠው ጎንደር ከተማ ሄዱና ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ቅርንጫፍ ድንኳኑን ገዙ። የኩባንያውን ስም ዛሬ አንጠራም፤ ክርክሩ በስምምነት አልቆአልና። ሻጩ ድንኳኑን በራሱ መኪና ደባርቅ ድረስ አመጣልን። ከዚያ እኛ ጭነን ድብ ባሕር አስገባነው፤ ቆጥረንም ዕቃ ቤት አስቀመጥነው። ይህ በግንቦት ወር ነው።

በሐምሌ ወር አንዲት እናታችን አረፉ። ቀብሩ ተፈጽሞ፣ ድንኳኑ በግቢያቸው ተተክሎ፣ ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ ዝናቡ መጣ። የሐምሌ ዝናብ እንዴት እንደሚወርድብን ለእናንተ አይነገርም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በየስፌቱ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ቀጥሎ ሸራው ራሱ እንደ ወንፊት ውኃውን አወረደው። ካህናቱ መጻሕፍቱን በካባቸው ሸፍነው ወደ ቤት ገቡ። ለሣልስቱ የተዘጋጀው ዱቄት ራሰ። ከዚያ ማግስት አንድ አባታችን የተናገሩትን አንረሳውም፤ «የሞተችውን አፈር አለበስን፤ ቋሚውን ውኃ አለበስነው» አሉ። ዕድር የቆመው ለዚያች ቀን ነው። በዚያች ቀን ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው? ከብሩ ይልቅ ያንገበገበን ይህ ነበር።

እንግዲህ ለሻጩ ስልክ ደወልን። «እናጣራለን» አሉን። ደግመን ደወልን፤ «ኃላፊው የለም» አሉን። ለሦስተኛ ጊዜ ስንደውል «ጉዳዩ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ተባልን። ከመካከላችን «ተዉት፤ ለዚህች ብር ብለን ከትልቅ ድርጅት ጋር እንካሰስ? እነሱ ነገረ ፈጅ አላቸው፤ እኛ ምን አለን?» ያሉ ነበሩ። ክፋት አይደለም፤ ብልኅነትም ይመስላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ትልቁ ድርጅት የሚተማመነው በዚሁ ነው። ከመቶ ገዢ ዘጠና ዘጠኙ «ለዚህች ብር» ብሎ ከተወ፣ የተበላሸ ዕቃ መሸጥ ኪሣራ ሳይሆን ትርፍ ይሆናል ማለት ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። የጭብጦዋ ትንሽነት አይደለም ነገሩ፤ ያለ ፍርድ መሄዷ ነው።

በጥንት ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው፣ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ የአጥቢያ ዳኞች ተቋቁመው እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር እዚያው በአገሩ እንዲያዩ ተደርጎ ነበር። በኋላም የፍርድ ሸንጎው፣ ከዚያም የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት መጣ። በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው፤ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ለትንሽ ገንዘብ ክርክር ብቻ የሚሆን፣ ጠበቃ ሳይቆም ባለጉዳዩ ራሱ የሚናገርበት ችሎት ተከፍቶ ነበር። የሁሉም አሳብ አንድ ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ደጅ ጥናት ሳያስፈልጋት ፍርድ ታግኝ ነው። ችግሩ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ሲካሰስ ነጠላ ይቋጠራል፤ ኩባንያ ነጠላ የለው፣ በምን ይታሰራል? ኋላ እንደ ተረዳነው ኩባንያን የሚያስረው ወረቀት ነው።

ይህን ያስረዳን ከዚሁ ከእኛው ሰፈር ወጥቶ ሕግ የተማረ ልጃችን ነው። መጀመሪያ የጠየቀን «ደረሰኝ አላችሁ?» ብሎ ነው። ነበረን። «ማስጠንቀቂያ ሰጥታችኋል?» አለን። «ሦስት ጊዜ ደውለናል» አልነው። ሳቀብን። «ስልኩን ማን ይመሰክርላችኋል?» አለ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1772 መሠረት አንድ ሰው ውሉን አልፈጸመልኝም ብሎ መብቱን ከመጠየቁ በፊት ሌላውን ወገን እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ አለበት። በመሆኑም ድንኳኑ የተገዛበትን ቀን፣ ዋጋውን፣ ያፈሰሰበትን ቀንና ሁኔታ፣ የምንፈልገውንም ጽፈን፣ የ15 ቀን ጊዜ ሰጥተን፣ ማኅተም አድርገን፣ ሰው ልከን በእጃቸው ሰጠን። ቅጂው ላይም አስፈረምን። ያቺ ፊርማ በኋላ ስንት ጥቅም እንደ ሰጠች!

ቀጥሎ በየትኛው ሕግ እንደምንከስ ተነጋገርን። ብዙዎቻችን በሬዲዮ ሰምተን የምናውቀው በ2006 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነው። ይህ አዋጅ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ዋጋ ስለ ጠየቀ ወይም ዕቃ ስላየ ብቻ እንዲገዛ ያለ መገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ በግብይቱ ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት ሰጥቶአል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰውም በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንዲችል ደንግጎአል። አዋጁን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ተጠቃልሎ ሥራው ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተሰጥቶአል።

ለእኛ ግን ሁለት እንቅፋት ነበረበት። አንደኛ፣ አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው ነው፤ ዕድር ደግሞ ማኅበር ነው። ሁለተኛ፣ 15 ቀኑ ድንኳኑ ዕቃ ቤት ተጠቅልሎ ሳለ አልፎአል። ስለዚህ እናንተ ለቤታችሁ በየግላችሁ ለምትገዙት አዋጁ ቢጠቅማችሁም እኛ ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሄድነው። ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ቁጥር 2298 ደግሞ ገዢው ጉድለቱን ካስታወቀ በኋላ አንድ ዓመት ዝም ካለ መብቱን እንደሚያጣ ይናገራል። እንግዲህ ቀን መቁጠር ጀመርን።

ማስጠንቀቂያችን መልስ ባለማግኘቱ በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ክስ አቀረብን። ሊቀ መንበራችን ዕድሩን ወክለው እንዲከራከሩ ጠቅላላ ጉባኤው የወሰነበት ቃለ ጉባኤና የዕድሩ ምዝገባ ወረቀት ተያያዘ። የማስረጃ ዝርዝር ተጻፈ። በመጨረሻም እንደ ማንኛውም ክስ «የቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እናረጋግጣለን» ተብሎ ተፈረመበት። ጨርሰን ሊማሊሞን ወጣንና ደባርቅ ከወረዳው ፍርድ ቤት አስገባነው።

እዚህ ላይ የእኛን ስሕተት ስሙ። የኩባንያው ነገረ ፈጅ በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀርቦ ስለ ድንኳኑ አንድ ቃል ሳይናገር «ይህ ፍርድ ቤት ይህን ጉዳይ የማየት ሥልጣን የለውም» አለ። ኩባንያው በፌዴራል መዝጋቢ የተመዘገበ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም አዲስ አበባ ስለሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ነው ማለቱ ነው። ትክክል ሆኖ ተገኘና መዝገባችን ተዘጋ። እኛ «አዲስ አበባ ድረስ ልንመላለስ ነው» ብለን ወገባችን ተቆረጠ። ነገር ግን ያ ልጃችን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 80 አሳየን፤ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። ያም እዚያው ደባርቅ ነው! ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ነበር መንገዱ። ቀድመን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ አንድ ወር ተኩል ባልባከነ። ስለሆነም በታኅሣሥ ወር ክሱን ለከፍተኛው ፍርድ ቤት እንደገና አቀረብን።

ነገረ ፈጁ አሁን ሦስት ነገር ተከራከረ። «ደረሰኙ ድንኳን ይላል እንጂ ዝናብ የማያስገባ ድንኳን አይልም» አለ። እውነቱን ነው፤ ደረሰኙ «ድንኳን 1» ብቻ ነው የሚለው። ደግነቱ ገንዘብ ያዣችን ድንኳኑ የተሸጠበትን የማስታወቂያ ወረቀት የካስማ ቁጥር ጽፈውበት ከዕቃ ቤት መዝገብ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። «ዝናብና ፀሐይ የሚከላከል» ይላል በትልቁ። ያን ስናቀርብ ነገረ ፈጁ ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየው።

ሁለተኛ፣ «ሁለት ወር አስቀምጠው ሳይመረምሩ ዛሬ ጉድለት ማለት አይችሉም» አለ። ይህ እውነትም ደካማው ጎናችን ነበር። ገዢ ዕቃውን እንደ ተረከበ መመርመር አለበትና። እኛም «ሸራውን ዘርግተን አይተናል፤ ቀዳዳ የለበትም፤ ውኃ ማሳለፉ ግን በዓይን አይታይም፤ ባወቅን ጊዜ ወዲያው አስታውቀናል» ብለን መለስን።

ሦስተኛ፣ ለረጠበው ዱቄትና ለተበላሸው ዕቃ 12,000 ብር ካሣ መጠየቃችንን «ማስረጃ የለውም» አለ። በዚህ አሸነፈን። ዱቄቱ ስንት ኪሎ እንደ ነበረ የጻፈ ሰው አልነበረም። በኀዘን ቀን ማን ሚዛን ይዞ ይቆማል? ቢሆንም ፍርድ ቤት የሚያየው የቀረበለትን ነው።

ችሎቱ ሁለቱ ወገኖች ባሉበት ድንኳኑ በባለሙያ ይመርመር ብሎ አዘዘ። ድንኳን የሚሰፉ ባለሙያ አይተው ሸራው ውኃ እንዳያሳልፍ የሚቀባው ነገር እንዳልተቀባ፣ ስፌቱም እንዳልታሸገ ጽፈው አቀረቡ። ይህ በተነበበ በሳምንቱ ኩባንያው «እንታረቅ» ብሎ መጣ።

ቀጠሮ ስንጠብቅ ከደጅ ተቀምጠን ሳለን አንድ አዛውንት አባላችን «ለመሆኑ በዓለም ላይ ድኃ ኩባንያን ረትቶ ያውቃል?» ብለው ልጃችንን ጠየቁት። እሱም በሕግ ትምህርት ቤት ሁሉ የሚነገር ነው ብሎ አንድ ታሪክ ነገረን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 1928 በስኮትላንድ፣ ፔዝሊ በምትባል ከተማ፣ ሜይ ዶኖሁ የምትባል ሴት ከወዳጇ ጋር ካፌ ትገባለች። ወዳጇ የዝንጅብል ለስላሳ ትገዛላታለች። ጠርሙሱ ጥቁር ስለሆነ ውስጡ አይታይም። ከጠጣች በኋላ የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ ብላ ታመመች። ለስላሳውን የከፈለችው እሷ ስላልሆነች ከሻጩ ጋር ውል የላትም። ስለዚህ አምራቹን ስቲቨንሰንን በ500 ፓውንድ ከሰሰች። ክርክሩ እስከ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ወጣ። እዚያ ለመከራከር ገንዘብ ስላልነበራት ድኃ መሆኗን በመሐላ አረጋግጣ በደኃ ደንብ ቀረበች። ግንቦት 26 ቀን 1932 ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ለእሷ ፈረዱ። ከሦስቱ አንዱ ሎርድ አትኪን የሰጡት ምክንያት ለእኛ ለዕድርተኞች ደስ የሚል ነው። ሰው ጎረቤቱን እንዳይጎዳ መጠንቀቅ አለበት፤ በሕግ ፊት ጎረቤት የሚባለውም አጥር የሚጋራው ብቻ ሳይሆን፣ ሥራዬ ሊጎዳው እንደሚችል አስቀድሜ ማሰብ የሚገባኝ ሰው ሁሉ ነው አሉ። አምራቹ በዚያው ዓመት ስለ ሞተ በኋላ ወራሾቹ 200 ፓውንድ ከፍለው ታረቁ። እሷም የጠየቀችውን ሁሉ አላገኘችም ማለት ነው።

በእኛም አገር የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2085 ለሕዝብ የሚሸጥ ዕቃ ሠርቶ ትርፍ የሚያገኝ ሰው ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የዳኝነት መክፈል ለማይችልም በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ በደኃ ደንብ መክሰስን ፈቅዶአል። ብዙ ሰው አንድ ዐይነት በደል ሲደርስበትም በቁጥር 38 መሠረት በፍርድ ቤት ፈቃድ ጥቂቱ ስለ ሁሉ ሊከስ ይችላል። መንገዱ አለ ማለት ነው፤ የሚሄድበት ሰው ነው የሚያንሰው።

ወደ እርቁ እንመለስ። ኩባንያው ድንኳኑን ወስዶ 36,000 ብሩን ሙሉ ሊመልስ፣ ለመጓጓዣና ለዳኝነት 1,800 ብር ሊጨምር፣ እኛም የ12,000ውን ካሣ ልንተው ነው የቀረበው። ይህን ለጠቅላላ ጉባኤው አቀረብን። የዚያን ዕለቱን ክርክር የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። «ውርደታችንስ? ብር መልሶ ብቻ?» ብለው አልቅሰው የተናገሩት የሟቿ ልጅ ናቸው። ሌላው «የያዝነውን እንያዝ» አለ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። በእጅ ብልጫ እርቁ ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ ሊቀ መንበራችን ጉባኤው ፊት ቆመው የሟቿን ቤተሰብ ስለ ዕድሩ ይቅርታ ጠየቁ። ኩባንያው ይቅርታ አላለምና እኛ አልን። የእርቁም ቃል ችሎት ቀርቦ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ጸደቀ። በፍርድ ቤት ያልጸደቀ እርቅ ሌላ ክስ ሊያመጣ ይችላል፤ የጸደቀው ግን እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ገንዘቡም በሦስተኛው ሳምንት ገባ። ዛሬ ከላያችን ያለው ድንኳን በዚያው ገንዘብ የተገዛ ነው። ሁለት ክረምት ተኝቶበት አይተነዋል፤ ጠብ አላለም።

እንግዲህ ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እንበል። አንደኛ፣ ዕቃ ስትገዙ ደረሰኙ ላይ የዕቃውን ዐይነትና ጥራት አስጽፉ፤ «ዕቃ 1» በሚል ደረሰኝ አትመለሱ። ማስታወቂያውንም ቢሆን አትጣሉት። ሁለተኛ፣ የገዛችሁትን በገዛችሁበት ሳምንት ሞክሩት። እኛ ያን ድንኳን በግንቦት ተክለን ሁለት ጀሪካን ውኃ ብናፈስበት ኖሮ ያቺ እናታችን በክብር በተሸኙ ነበር። ሦስተኛ፣ በስልክ የተባለ ነገር የለም፤ ጻፉ፣ ቅጂው ላይ አስፈርሙ። አራተኛ፣ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ሳትጠይቁ አትክሰሱ። ጠበቃ መያዝ ለማይችል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሄዶ መጠየቅ ነውር አይደለም። አምስተኛ፣ ቀጠሮ አትቅሩ። ነገረ ፈጁ ደመወዝ እየበላ ነው የሚመላለሰው፤ ከሳሽ ሲሰለችና ሲቀር ግን መዝገቡ ይዘጋል።

በመጨረሻም ኮሚቴው አንድ ነገር ለጉባኤው ያቀርባል። ዕድራችን እስካሁን ያስተናገደው ለቅሶን ነው። ከአባላት አንዱ በትልቅ ድርጅት ተበድሎ ብቻውን «ለዚህች ብር» ብሎ ሲተው ማየት ግን አንወድም። ስለዚህ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ ወረቀት የሚያስቀምጡና ሊማሊሞን አብረው የሚወጡ ሦስት ሰዎች ከመካከላችን እንዲመረጡ እንጠይቃለን። ሬሣ ብቻውን አይወጣም እንላለን አይደለም እንዴ? የተበደለ ሰውም ብቻውን ደባርቅ አይውጣ።